እማዬ ክፍል የማይደርሰው ዋይፋይ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ ከማታምናት ታላቅ እህትህ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ከወሊዱ በኋላ አቅሟ ተመለሰላት? ሕፃኗስ ታስተኛችኋለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «ደህና» የምትለዋን ቃል ስታነብ ቅንድብህ ወደ ላይ ሲሄድ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

በስልክ ትቼ በወረቀት የጻፍኩልህ አብጄ አይደለም። ከአንተ መልእክት በመጣ ቁጥር እማዬ «አንብቢልኝ» ትለኛለች። በድምፅ እንዳልነግርህ ደግሞ ጆሮዋን ታውቀዋለህ፤ ሦስተኛው ክፍል ሹክ ያሉትን ትሰማለች። ደብዳቤውን ወደ እናንተ የምትመለሰው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ታደርስልሃለች። ፖስታውን በሙጫ አልዘጋሁትም፣ ዙሪያውን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ተበጥሶ ከደረሰህ እሷን ጠይቃት።

ባለፈው «እናቴን ለምን ትከለክይኛለሽ? ስልኩ ሁልጊዜ ልክ ልጄን ሳሳያት የሚቋረጠው በምን ተአምር ነው?» ብለህ የጻፍክልኝን ሳነብ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እጠረጥር ነበር። የአንድ አባት ልጆች ነን። አባባ የራሱን ሰዓት እንኳ ከጎረቤት ሰዓት ጋር ሳያመሳክር አያምንም ነበር። እናም ስሜን ላጠራ፣ እማዬ ክፍል ድረስ ዋይፋይ የሚያደርስ ራውተር ፍለጋ ተነሣሁ።

ቤቱን ታውቀዋለህ። አባባ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ክፍል እየቀጠለበት፣ ከሳሎን እማዬ ጋ መሄድ ራሱ ጉዞ ነው። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ የእኔ ስፌት ክፍል፣ ተከራዩ አስተማሪ ያለባት ክፍል፣ ከዚያ የውሃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ጀርባ እማዬ። ግድግዳው ሁሉ ድንጋይ ነው። አሮጌው ራውተር ሳሎን ነበር፤ ሳሎን ውስጥ የት እንደነበር ግን ለአንተም አልነገርኩህም። አባባ ሰነዱን የሚያኖርበት የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞር ነበር። ምን ላድርግ? ተከራይ አለ፤ የጎረቤት ልጆች ስልክ ይዘው አጥሩ ላይ ይሰቀላሉ፤ ከጀርባው የተለጠፈውን የይለፍ ቃል አንዱ ቢያነበው ለሰፈሩ ሁሉ ያድለዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ከቁመቱ የተነሣ በራችንን ጎንበስ ብሎ ስለሚገባ ሰፈሩ «ቀጭኔ» ይለዋል። ቁም ሣጥኑን ስከፍትለት ግንባሩን ያዘ። «እትዬ፣ ድስት ውስጥ ገብተሽ ክዳኑን ዘግተሽ ብትጣሪ ማን ይሰማሻል?» አለኝ። ባለቤቴ ሳቁ ሲያመልጠው ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ። ቀጭኔ ቁም ሣጥኑን ወቅሶ ቢሄድ ኖሮ አምነው ነበር፤ «አዲስ ራውተርም ያስፈልግሻል» ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ፤ ራውተር የሚሸጠው እሱ ራሱ ነዋ። ለማንኛውም አሮጌውን አውጥቼ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ባስቀምጠው ሳሎኑና ኮሪደሩ ነፍስ ዘሩ። እማዬ ክፍል ግን ወፍ የለም።

አንተ ፎቶውን ልከህ «ይህን ግዢ» ያልከኝ ስምንት አንቴና ያለው፣ በጀርባው የተገለበጠ ሸረሪት የመሰለ ነገር ነው። ቀጭኔ «ይሄማ ግድግዳ ይበሳል» አለኝ። የእኛን ከበሳ የጎረቤትንም ይበሳል አልኩት። ከዚያ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ፣ የገዛው ሰው የትም አገር ሆኖ በስልኩ ሊከፍተው፣ ሊዘጋው፣ ማን መቼ እንደተጠቀመ ሊያይበት እንደሚችል ነገረኝ። እዚህ ላይ ቀጥ አልኩ። ወንድሜ ይህን የመረጠው እማዬን ሊያይበት ነው ወይስ እኔን ሊጠብቅበት? ይቅር በለኝ፤ ግን እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ።

እኔ ሳልለካ ጨርቅ አልቀድም፤ ስለዚህ ሳልገዛ እቤቴ አምጥተህ ሞክርልኝ አልኩት። ሸረሪቱን ሳሎን ሰክቶ፣ እኔ ስልክ ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ስፌት ክፍል ሙሉ ነው፤ ተከራዩ በር ላይ ግማሽ ሆነ፤ ታንከሩ ጋ ስደርስ ድርግም። ውሃና ድንጋይ አንድ ላይ ከሆኑ አያሳልፉም አለኝ። በማግስቱ ሌላ ዓይነት አመጣ፤ በሦስት ፍሬ የሚሸጥ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ የሚያደርስ። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን የስፌት ክፍሌ መስኮት ላይ፣ ሦስተኛውን እማዬ አልጋ ራስጌ መደርደሪያው ላይ አኖርነው። ከታንከሩ ጀርባ እንኳ ሞልቶ ፈሰሰ። ገዛሁት። የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት ግን ቀጭኔን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜ ነው።

እሑድ ደወልክ። እማዬ ፀጉሯን አበጥራ ስትጠብቅህ ነበር። ድምፃችሁ ሳይቆራረጥ እስከ ስፌት ክፍል ሲመጣ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ከዚያ «እማዬ፣ እስቲ እይያት፣ ማንን ትመስላለች?» ስትል ተቋረጠ። በኋላ የጻፍክልኝን አልደግመውም።

አሁንማ ዓይኔ ተከራዩ ላይ አረፈ። ሰውዬው ድምፁ የማይሰማ ሰላማዊ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰላማዊ ሰው ያሳስበኛል። በሩን አንኳኩቼ፣ እሑድ እሑድ መስመሩን የሚጨርሱት ምን እያወረዱ ነው ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። እሑድን ወንድሙ ቤት እንደሚውል ነገረኝ። «ደግሞስ የይለፍ ቃሉን መቼ ሰጥተውኝ ያውቃሉ?» አለኝ ቅር ብሎት። እውነቱን ነው፣ ሰጥቼው አላውቅም። አፈርኩ። ቢሆንም በሚቀጥለው እሑድ ከግቢ መውጣቱን በመስኮት አይቼ አረጋገጥኩ።

ያን እሑድ ስትደውል ስፌቱን ትቼ እማዬ መስኮት ጋ ሄጄ ቆምኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ስልኩ ትራስ ተደግፎ አንተ ታወራለህ፣ እሷ ትስቃለች። «ማንን ትመስላለች» ስትል ፈገግታዋ ሳይጠፋ እጇ ወደ ግድግዳው ሄደ። በመዳፏ ዳሰሰች፣ ዳሰሰች፣ የውሃ ብርጭቆዋን ገፍታ ጣለችው፣ የራስጌዋን ራውተር ሶኬት አገኘችና ነቀለችው። ከዚያ እንድሰማት ጮክ ብላ «ኧረ ይሄ ነገር ዛሬም ተቋረጠ! ያ ቀጭኔ ሸወደን!» አለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ። በመካከላችን ያለው ክንድ አይሞላም፤ አላየችኝም።

ወንድሜ፣ የእማዬን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ፊት አትለይም። ቤቱን በእጇና በእግሯ ስለምታውቀው አንዳችንም አልነቃንም። እኔ አጥር ለአጥር ሌባ ስጠብቅ እናቴ አጠገቤ ሆና አላወቅሁላትም፤ ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ቀድሞ ሳሎን ሆና ስታወራህ፣ ስልኩን ይዛ ወደ ታንከሩ እየሄደች ነበር ለካ የምታቋርጠው። አዲሱ እዚያም ሲደርስባት መንቀል ጀመረች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለምን አልኳት። መጀመሪያ ካደች፣ ከዚያ ነገረችኝ። ልጅቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታሳያት የደወልክ ቀን ትዝ ይልሃል? «ቁርጥ አንተን!» አለችህ። አንተ እየሳቅህ «እማዬ ደግሞ፣ ይሄ እኮ ትራስ ነው፣ ገና አላነሳኋትም» አልካት። ቀልድ መስሎህ ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጄን መልክ አልዋሽም ብላ ነው የምትነቅለው። እንዳይነገርህ የፈለገችው አባባ ሲታመም ሥራህን ጥለህ ስለመጣህ ነው፤ ያኔ ሥራውም አባባም አመለጡህ። «ሆድ ይፍጀው፤ እሱ ልጁን ያሳድግ» አለችኝ። በስልክ እንዳልነግርህም በአባባ አጥንት አስማለችኝ። ስለ ወረቀት አላነሳችም።

የዓይን ሐኪም ጋ ወስጃታለሁ። በቀዶ ሕክምና ይነሣል አለ። አላመንኩትምና ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ እሱም ያንኑ አለ። አሁን የማታምነው እሷ ናት፤ «ያችንም ብርሃን ቢያጠፉብኝስ?» ብላ እምቢ ብላለች። እኔን አትሰማኝም፣ አንተን ግን ትሰማለች። ስለዚህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። እሑድ ደውልላትና ማንን ትመስላለች ብለህ አትጠይቃት። አንተ ንገራት። ግንባሯ እንዴት እንደሆነ፣ አፍንጫዋ ከየት እንደመጣ፣ ስታዛጋ ምን እንደምትሆን፣ እንደ ወሬ አድርገህ አንድ በአንድ ንገራት። ካልተጠየቀች አትነቅለውም። ሲበዛባት ራሷ «ምነው ባየኋት» ትላለች፤ የሐኪሙን ነገር ያኔ አንሣላት፣ ከዚያ በፊት ግን ትንፍሽ እንዳትል።

ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፣ ሸረሪቱ ስላልተገዛ እንዳትቀየመን። ተከራዩም ሰላም ብሎሃል፤ የይለፍ ቃሉን ሰጥቼዋለሁ፣ በየወሩ ግን እቀይረዋለሁ። ባለቤትህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ መጻፌን ስለማታውቅ ሰላምታ አልላከችም። ለሕፃኗ ቀሚስ ጀምሬላታለሁ፤ እማዬ እጅጌውን በጣቶቿ እየለካች «ክንዷ ይህን ታክላለች?» ትለኛለች፣ እኔም አላውቀውም። እባክህ ልጅቱን ከራሷ እስከ ተረከዟ በክር ለካትና ክሩን በፖስታ ላክልኝ፤ እማዬ በእጇ ትያዘው።

እህትህ
ከስፌት ክፍሌ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ