ቀድሞ የተያዘ ፊት

ለፓስፖርት መሥሪያ ቤት
የፊት ማረጋገጫ ክፍል ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ጤና የምለው ለደብዳቤ መክፈቻ ያህል አይደለም፤ በተለይ ኩላሊትዎን ይጠብቅልኝ። ሁለቱንም።

ራሴን ላስተዋውቅ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ። ጥቂት ደቂቃ ቀድማኝ ስለተወለደች ዕድሜ ልኳን ታላቅሽ ነኝ ስትለኝ የኖረችው መንትያ እህቴ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙ። ሐኪሞች መርምረው የእኔ አንዱ እንደሚሆናት፣ ያውም ከማንም ሰው ይልቅ እንደሚስማማት ነገሩን። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ውጭ አገር ስለሆነ ሁለታችንም ፓስፖርት አስፈለገን። እሷ አመለከተች፣ ወዲያው ተሰጣት፣ ከባለቤቷ ጋር ቀድማኝ ሄደች። እኔ ተከትዬ አመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔና የክፍልዎ ጉዳይ ነው። ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም ቀላቅዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ አንዱን ከሌላው መለየት የእናንተ ሙያ ስለሆነ እኔ አልደከምኩበትም።

አንደኛ፦ ዜጋው ፎቶ ቤት ድረስ ሄዶ እንዳይንገላታ አስባችሁ፣ ቤቱ ተቀምጦ በገዛ ስልኩ ተነስቶ በመተግበሪያው እንዲልክ ስላደረጋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። መመሪያው ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ጆሮ ይታይ፣ ከንፈር ይገጠም፣ መነጽር ይውለቅ፣ ፈገግታ አይኑር፣ የሚያነሳውም ሌላ ሰው ይሁን ይላል። ስለዚህ የስፌት ማሽኔን ወደ ጥግ ገፋሁ፤ ለሸሚዝ የገዛሁትን ነጭ ፖፕሊን የቁም ሳጥኑ በር ላይ በመርፌ ቁልፍ ወጠርኩ፤ እናቴን ደግሞ ፎቶ አንሺ አድርጌ ሾምኩ። እናቴ ስልክ የምታውቀው ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታወራበት ብቻ ነው፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። የክር ማጠንጠኛዎችን ደራርበን ስልኩን ላያቸው ላይ አስደግፈን፣ እሷ ቁልፉን ብቻ እንድትነካ ተስማማን። የመጀመሪያው ፎቶ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ጥላ አለ ተብሎ ተመለሰ። እናቴ የአልጋ ራስጌ መብራቱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ በሌላው አነሳችኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ ፊት ላይ ስሜት ይታያል ተብሎ ተመለሰ። እውነት ነው፣ ይታይ ነበር። እህቴ የዚያን ቀን ጠዋት ደውላ ሆስፒታሉ እኔን በለጋሽነት መቀበሉን ነግራኝ ነበር፤ የታየውም ስሜት ደስታ ነው። ጥፋቴን አምናለሁ። ለሦስተኛው ቁልፍ ያልተተከለላቸውን ሸሚዞች እያሰብኩ፣ እናቴም ኮስተር በይ እያለችኝ ራሷ ሳቋን እየታገለች ተነሳሁና፣ ፎቶዎ ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ያሟላል የሚል መልእክት ደረሰኝ። እናቴ ባለሙያ መሆኗን ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ሁለተኛ፦ ደስታችን ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ ሌላ መልእክት ላካችሁልን። ይህ ፊት ቀድሞ ተይዟል፤ በአንድ ፊት ሁለት ፓስፖርት ለማውጣት መሞከር በሕግ ያስጠይቃል ይላል። ለዚህ ንቃታችሁ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል ያጥረኛል። እህቴ ለፓስፖርቷ ፎቶ ስትነሳ ፊቷ በበሽታው አብጦ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ሲያምታታን የኖረው ባለሱቅ ሳይቀር በሩቁ ይለየን ጀምሮ ነበር። የእናንተ ሲስተም ግን በእብጠት አልተታለለም። እናቴ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ፣ ማን ነው የያዘው ብላ ጠየቀችኝ። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ትንፋሽ እያጠራት ሳቀችና፣ እኔ ታላቅሽ ስለሆንኩ መርጬ ወስጄዋለሁ፣ አንቺ የተረፈ ካለ ጠይቂያቸው አለችኝ። እነሆ እየጠየቅኩ ነው።

ሦስተኛ፦ ቅሬታ ላለው ሰው በመተግበሪያው ውስጥ ቦታ ማዘጋጀታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ምክንያትዎን ይምረጡ ይልና ዝርዝር ያቀርባል፤ ስም ተቀይሮ ከሆነ፣ ፓስፖርት ጠፍቶ ከሆነ፣ ፊት በቃጠሎ ወይም በአደጋ ተለውጦ ከሆነ። መንትያ ከሆኑ የሚል የለም። ሌላ የሚልም የለም። ዝርዝሩን ያነበብኩት ልብስ እየተኮስኩ ስለነበር፣ የጋለውን ካውያ እንደያዝኩ የመጨረሻው ምርጫ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ካውያውን አስቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ዝርዝሩ በሚገባ መነበቡን እንዲያውቁልኝ ያህል ነው።

አራተኛ፦ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። አልጠቀመም። ሲስተሙ ግን አዲሱ አቆራረጥ ጆሮዬን ይበልጥ ስላሳየ የምስሉ ጥራት ተሻሽሏል ብሎ አበረታቶኛል።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔም ነው። ነገሩ በሰው ዓይን እንዲታይልኝ ብዬ የሐኪሞችን ማስረጃ ከማመልከቻዬ ጋር አያያዝኩ። ማስረጃው ማኅተም ያለው፣ የሦስት ሐኪሞች ፊርማ ያረፈበት ነው። እኔና እህቴ ከአንድ ፅንስ የተከፈልን መሆናችንን፣ በደማችንም በሥጋችንም ልዩነት እንዳልተገኘብን፣ ስለዚህ ሰውነቷ የእኔን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንደማይመልሰው ካብራራ በኋላ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በምርመራ በሁሉም ረገድ አንድ ሆነው ተገኝተዋል በማለት ይደመድማል። እኔ እህትማማቾች የሚለውን ቃል አምኜ ላክሁ። ክፍልዎ ግን አንድ የሚለውን አነበበ። ያቀረቡት የሐኪም ማስረጃ እርስዎና የፓስፖርቱ ባለቤት በሁሉም ረገድ አንድ መሆናችሁን ስለሚያረጋግጥ ጥያቄዎ ውድቅ ተደርጓል የሚል ምላሽ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ደረሰኝ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ የሰው እጅ እንዳለበት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤውን ለእናቴ አላነበብኩላትም።

ስድስተኛ፦ በአካል መጣሁ። መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ በእኔ ምክንያት እንዳይቆጧት፤ ትሑት ልጅ ናት። አክስቷ መንትያ እንደወለደች አጫወተችኝ፣ ነገሩም እንደሚገባት ነገረችኝ፣ ነገር ግን ሲስተሙ እንዲለቀኝ ሁለታችንም ጎን ለጎን በመስኮቱ ፊት መቆም እንዳለብን አስረዳችኝ። እህቴ ባሕር ማዶ ደሟን የሚያጥብላት ማሽን ላይ በየሁለት ቀኑ እንደምትታሰር ስነግራት፣ እንግዲያው ሲሻላት አብራችሁ ኑ አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የተጻፈላትን ነው ያለችው። እኔም እህቴ የሚሻላት እኔ ከሄድኩ መሆኑን ደጋግሜ ማስረዳቱ ሰልፈኛውን ያስቆጣብኛል ብዬ ስልኬን አወጣሁና በቪዲዮ ደወልኩላት።

እህቴ ከትራሷ ቀና ብላ ሠራተኛዋን በአክብሮት ሰላም አለቻት፣ የቤተሰቧንም ደኅንነት ጠየቀች፣ ቀጥላም ፊትሽ የቆመችው ጤነኛዋ ናት፣ ፊቴ ያበጠው እኔ ነኝ፣ በዚያ ለይን አለቻት። ልጅቷ አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን እያየች ቆየችና አለቃዋን ልትጠራ ከወንበሯ ብድግ አለች። በዚህ መካከል ጥበቃው መጥቶ፣ አዳራሹ ውስጥ ስልክ መጠቀም ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ በትሕትና አሳየኝና አስወጣኝ። ቤቴ ሆኜ ፊቴን ከስልክ በቀር በምንም ማሳየት የማይቻለኝ፣ እናንተ ዘንድ መጥቼ ደግሞ ፊት በስልክ ማሳየት የማይፈቀድልኝ መሆኑ አሠራራችሁ ምን ያህል እንደታሰበበት ያስረዳል። ውጭ ስወጣ መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። እህቴ፣ አየሽ፣ ልታምነን ነበር እኮ እያለች ነበር።

ሰባተኛ ብዬ የምጽፈው የለኝም። ከዚያ በኋላ እህቴ አልተሻላትም። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተዛወረ፣ እንደገና ተዛወረ፣ ከዚያም ሆስፒታሉ ቀኑን ለሌላ በሽተኛ ሰጠው። እንዲያ ማድረጉ ትክክል ነው፤ ያ በሽተኛ ለጋሹ አጠገቡ ነበረ።

የሞተችው ጠዋት ነው። ባለቤቷ ሲደውል የአንደኛ ክፍል ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር፤ የጀመርኩትን ጨርሼ ነው ያነሳሁት። መንትያ ከሩቅ ይሰማዋል ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልተሰማኝም። ከነገረኝም በኋላ ክሩን ቆርጬ ወደ ሁለተኛው ኮሌታ ነው የሄድኩት። አሁንም ይህን ስጽፍልዎ ዓይኔ ደረቅ ነው። የማዝን አይመስለኝም፤ እንደ ደነዘዘ እግር ነኝ፣ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የሌላ ሰው ነው። እናቴ ትፈራኛለች። አልቅሺ ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ።

ባለቤቷ አስከሬኗን ይዞ ለመመለስ ፓስፖርቷን ማስረከብ ነበረበት፤ አስረከበ፤ ተሰረዘ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቤቱ ገና በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። እንኳን ደስ አለዎት፣ በፊትዎ ላይ የነበረው መደራረብ ስለተወገደ ማመልከቻዎ ጸድቋል፣ ፓስፖርትዎን በአካል ቀርበው ይውሰዱ ይላል። አዲስ ፎቶ አልላክሁም፣ አዲስ ማስረጃም አላያያዝኩም፤ ምንም ሳልደክም በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። እናቴ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ የስልክ ድርጅቱ ማስታወቂያ ነው አልኳት። እስከ ዛሬ ለእናቴ ከዋሸሁት ሁሉ ይህ ይቅለል ይክበድ አላወቅኩም።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ክስም አላሰብኩም፤ ለዚያ የሰው ሆድ መቃጠል አለበት። የምጠይቀው በምርጫዎቹ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ብቻ ነው። መንትያ ከሆኑ፣ ይበል። ከእኛ በኋላም የሚወለድ አይጠፋም።

ለክፍልዎ ንቃት፣ ለሲስተምዎ የማይሳሳት ዓይን፣ ለፊርማዎም ውበት ያለኝን የማያልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከመዝገብዎ ጋር ላለመጋጨት ከእህቷ ጋር ሁለት የነበረ ቁጥሯን ወደ አንድ ያስተካከለች፣ ትእዛዝዎን ሁልጊዜ ጠባቂ፣

የደንብ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲስተምዎን በመጠራጠሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሐዘኑ ቤት የሚሰቀል ፎቶ ስንፈልግ እናቴ በበሽታ ያበጠውን ፊቷን ግድግዳ ላይ አላይም አለች። ጤነኛ ሳለች የተነሳቻቸው ፎቶዎች በሙሉ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ብቻችንን መነሳት አልለመደብንም። አንዱን መሃል ለመሃል ልከፍለው መቀስ አንስቼ ነበር፣ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ስሆን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ያሟላል ያላችሁትን የእኔን ፎቶ አሳድገን ሰቀልነው። ሊያጽናናን የመጣው ሁሉ ከሥሩ ተቀምጬ እያየኝ፣ ቀና ብሎ ፎቶውን እያየ አለቀሰ፤ የተጠራጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ፓስፖርቱን ለመውሰድ አልመጣም። ኩላሊቴን ልሰጣት ስላልቻልኩ ፊቴን ሰጥቻታለሁና፣ በመዝገብዎ ላይ አሁንም እንደተያዘ ይቁጠሩልኝ።