የሁለተኛው ብልቃጥ ምክንያት

ለተከበሩ አቶ ደባሱ
የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤናስ? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ በመስኮትዎ ፊት ቆሞ መድኃኒት የሚለምን ሰው ከቤትዎ እንዳይወጣ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ኢያቄም እባላለሁ፤ እዚሁ ብልባላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥር የሞተችው የውባንቺ ወንድም ነኝ። የንጋትም ወንድም ነኝ፤ ንጋት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እርሷም ከእህቷ ሞት ወዲህ ስኳር ተገኝቶባታል፤ በሕይወት አለች። ይህን የምጽፈው «በሕይወት አለች» የሚለው እንዳይለወጥብኝ ፈርቼ ነው።

ደብዳቤውን «ያለቁ መድኃኒቶች» ከሚለው ዝርዝርዎ አጠገብ የለጠፍኩት ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ሰሌዳ እርሱ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ምስጋናዬና ቅሬታዬ እንዳይደባለቁብዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩. አስቀድሜ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ውባንቺ ላሊበላ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ፣ እንደ እርሷ ስኳር ያለባቸው አንዲት አረጋዊት እንግዳ አገራቸው ሲገቡ የኢንሱሊን ፓምፕ ላኩላት። መዳፍ የምታህል መሣሪያ ናት፤ ከቀበቶ ላይ ትታሰርና በቀጭን ቱቦ ኢንሱሊን ወደ ገላ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። የምታንጠባጥበው ግን ሰው የሞላባትን ብቻ ነው። እርስዎ መሣሪያዋን አገላብጠው ካዩ በኋላ «እንግዲህ ግማሹን ይኼ ይሠራልሻል» ብለው፣ በየወሩ ይሰጣት ከነበረው ሁለት ብልቃጥ አንዱን ሰረዙት። እናቴ ወይዘሮ አልጣሽም እንደ እርስዎ መሣሪያዋ መድኃኒት የምታመርት መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የእርስዎን ዲፕሎማ ግን በመስታወት ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

፪. ሁለተኛው ስለማንናገረው ነገር ነው። የውባንቺ ስኳር የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት ባሉት አራት አምስት ቀናት ይወጣ ነበር። ያንኑ በልታ፣ ያንኑ ሠርታ፣ ሦስት መቶ ይደርሳል፤ ደሟ ሲመጣ ደግሞ በድንገት ይወርድና እጇ ይንቀጠቀጣል። የስኳር ክትትሏን የሚያዩት ሲስተር ጁወይሪያ እንዳስረዱን ይህ የሆርሞን ሥራ እንጂ የእርሷ ጥፋት አልነበረም፤ በእነዚያ ቀናት ኢንሱሊን መጨመር፣ ከዚያ በኋላ መቀነስ ያስፈልጋታል። የፓምፑ ጥቅምም ይኸው ነበር፤ ለአምስት ቀን ጠብታዋን ከፍ አድርጋ በስድስተኛው ቀን ትመልሰዋለች። እንዲህ ባደረገች ቁጥር ግን አንዱ ብልቃጥ ወሩን አይደፍንም።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት በእሑድ ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ቆማ እንደምታስቀድስ ያውቃሉ። ውባንቺ ውጭ በቆመች ቁጥር ስኳሯን የምትጽፍበትን ደብተር ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ሰባት ጊዜ አየሁ፤ አንዴ ብቻ ሳተ። ከዚያ በኋላ ሲስተርን ጠየቅኋቸው። እንግዲህ አገሩ ሁሉ አጥር ጥግ ቆማ እያያት የሚያውቀውን ነገር ነው፣ እርስዎ በመስኮት በኩል ጮክ ብላ እንድትናገር የጠየቋት።

፫. ስለዚያ ቀን ቀልድዎ ሳላመሰግን አላልፍም። ከጥምቀት ወዲህ ነበር፤ ሲስተር ጁወይሪያ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ብልቃጡ ከቀጠሮው ስድስት ቀን ቀድሞ እያለቀ፣ ላሊበላ ያሉት መድኃኒት ቤቶችም የለም ስላሏት፣ ውባንቺ ወደ እርስዎ መጣች። «ለምን አለቀ?» አሏት። ከኋላዋ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፤ አብዛኛው ወንድ ነው፤ የንስሐ አባታችንም ነበሩ። ዞር ብላ ሰልፉን አየች። «ጥምቀትን በጠላ በደንብ አክብረሻታል ማለት ነው» አሉ፤ ሰልፉም ሳቀ። ቀጥለው ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በቀበሌ ማኅተም አስደግፋ እንድታመጣ አዘዟት። ቀበሌያችን የሴት ልጅ የወር አበባ የሚያረጋግጥበት ማኅተም ይኑረው አይኑረው እስካሁን አላጣራሁም።

እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ ብወቅስ ግፍ ይሆናል። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፈርኩና ዋጥኩት።

ቤት ስንገባ የቀረውን ለማዳረስ ጠብታዋን ቀነሰች። በሦስተኛው ቀን አለቀ። ፓምፕ የያዘ ሰው ሌላ የተጠራቀመ ኢንሱሊን በገላው የለውም፤ ጠብታው ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ይታመማል። ስታስመልስ እናቴ ምግብ ያልተስማማት መስሏት ነበር። ትንፋሿ ሊበሰብስ እንደ ተቃረበ ፍሬ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸት ነበር። መኪና አግኝተን ወደ ላሊበላ ይዘናት ስንሄድ መንገድ ላይ ዐረፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ፓምፗ ከቀበቶዋ ላይ ባዶ ነኝ እያለች ትጮኽ ነበር፤ እርሷን ግን ለምን አለቀ ብሎ የጠየቃት የለም።

፬. ባለፈው እሑድ ንጋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅጽሩ ውጭ ቆመች።

በሌላው ቤት ልጃችን አደገች ይባላል፤ እናቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች፤ እኔም ያን ቀን ቅዳሴው ምን ላይ እንደ ደረሰ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየዕረፍቱ ወደ ሰባተኛ ክፍል እሮጥና በመስኮት አያታለሁ። ጭንቅላቷን ዴስክ ላይ ካስደገፈች ቀና እስክትል ከመስኮቱ አልነቃነቅም። ስትመጣ ትንፋሿን አሸታለሁ። «እኔ ውባንቺ አይደለሁም፤ አፍንጫህን ከፊቴ ላይ አንሳልኝ» ብላኛለች፤ ልክ ናት።

የውባንቺ ፓምፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። እንግዳዋ ቱቦዎቹን መላካቸውን አላቆሙም፤ ሲስተር ጁወይሪያም ከፈቃድ ተመልሰው ንጋትን ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነዋል። ንጋት ግን እስካሁን በመርፌ ነው የምትወጋው፤ ምክንያቱም መሣሪያዋን ቀበቶዋ ላይ ያዩባት ቀን ሁለተኛውን ብልቃጥ ይሰርዙባታል። በሽታውን እፈራለሁ፤ ከበሽታው ይልቅ የእርስዎን እስክሪብቶ እፈራለሁ። ይህን ስል ለክብርዎ ምን ያህል ከፍ ያለ ቦታ እንደሰጠሁ ይገነዘቡልኛል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጊዜዎን ሳላባክን ሁለት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። ንጋት ፓምፕ ብትይዝም ሁለቱም ብልቃጥ ይቆዩላት። ቀድሞ ሲያልቅባት ደግሞ ማንኛዋም ሴት ለሲስተር ጁወይሪያ በክፍላቸው ውስጥ ተናግራ፣ በእርሳቸው ፊርማ ብቻ ይሰጣት። ማኅተምዎ ለከበዱ ጉዳዮች ይቆይልዎ።

እስካሁን በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ውባንቺ በሞተች በሳምንቱም ለቅሶ ቤታችን መጥተው «የእግዜር ሥራ ነው» ስላሉን፣ እናቴም እኔም ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። እግዜር ግን በጥር ወር እዚያ መስኮት ላይ አልነበረም።

የእህቱ ዕድሜ ከእርስዎ ብዕር አንዲት ጭረት ላይ የተንጠለጠለበት፣
ሰልፍዎን ጠባቂና አክባሪዎ
ኢያቄም፣ የውባንቺና የንጋት ወንድም

ማስታወሻ፦ ስለ ንጋት የጻፍኩትን ሳላስፈቅዳት አልለጠፍኩም። ሁለት ቀን እንቢ አለች፤ በሦስተኛው ቀን አንብባ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዘችና የቀረውን ተወችው። ሰኞ ጠዋት ፓምፗን ታጥቃ ትመጣለች፤ ለምን ሁለት ብልቃጥ እንደሚያስፈልጋት ራሷ ልትነግርዎ በእናቴ ፊት እየተለማመደች ነው። መሀል ላይ ድምፅዋ ይጠፋና እንደገና ትጀምራለች። እባክዎ እስክትጨርስ አይሳቁ፤ መስኮቱንም አይዝጉት። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በሰዓት ይዤዋለሁ።