አያቴ የቀበረው ቧንቧ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

አይደለም! ሲፈላ የሚሞተው ጀርም ነው። ከቧንቧው ወደ ውኃው የሚገባው እርሳስ እንዴት ይሞታል? ብረት እኮ ነው! እንደውም ውኃው እየፈላ ሲቀንስ ይብስበታል። ይህን ለማወቅ ትምህርት መጨረስ ያስፈልጋል?

አያቴ ግን ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣደ። ለእህቴ ልጅ ለፊያክራ ጡጦ። "እናታችሁን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ውኃ ነው ያሳደግኳት። ደግሞ ከትምህርት ቤት የተባረረች ታስተምረኝ?"

አልተባረርኩም። ጥዬ ነው የወጣሁት። ወንበር ወርውሬ... ግን ጥዬ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ከተማችን ኮርክ በየወሩ ፎቅ ታበቅላለች፣ ከመሬት በታች ግን ያው የድሮው የእርሳስ ቧንቧ ነው። ዛሬ ቧንቧ ቀያሪዎቹ ደጃችን ደረሱ። አለቃቸው ዶናል፣ "እስከ አጥሩ የእኛ ነው። ከአጥሩ እስከ ኩሽና ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ አንነካም። ሰኞ ጉድጓዱን እንደፍናለን" አለ።

አያቴ በሩ ላይ ተገተረ። "እኔና ወንድሜ የቀበርነው ቧንቧ ነው! አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም!"

ማን አፈሰሰ አለው?

ዓርብ፣ ማርች 7

የፊያክራ የደም ውጤት መጣ። እርሳስ አለበት። ገና ስምንት ወሩ...

ሶርሃ አላለቀሰችም። እህቴ የምታስፈራው ሳታለቅስ ነው። ልጇን አቅፋ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። "ልብሴን ሰኞ እወስዳለሁ።" በቃ። ስልክ አታነሳም።

አያቴ ላይ ጮህኩ። ሰሃን ሰበርኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ጠዋት ኩሽና ገባሁ። አያቴ ቧንቧውን ከፍቶ ውኃው ሲፈስ ያያል። ሳይዞር፣ "ታዲያ እኔ ልጆቼን ምን ሳጠጣ ነው የኖርኩት?" አለ።

ለካ ለዚህ ነው እንቢ ያለው... ቧንቧውን ዘጋሁለት።

ሰኞ፣ ማርች 10

አያቴ ዶናልን አጥሩ ጋ ጠበቀው። "ቆፍሩት።" አካፋውንም ቀማው።

"ኧረ ጋሼ፣ ወገብዎን!"

"ዞር በል! የት እንደቀበርኩት የማውቀው እኔ ነኝ።"

አሮጌው ቧንቧ ወጣ። እውነቱን ነው፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ሶርሃ፣ ደብተሬን እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ ሁሌም ታነቢያለሽ፣ ሌባ! ትራስሽ ላይ የተውኩት ለዚህ ነው። ልብስሽን አትንኪ። አዲሱ ቧንቧ ገብቷል። አያቴ ታች ስልኩ አጠገብ ጭቃ እንደለበሰ ተቀምጧል። አዲሱን ውኃ ፊያክራ ሳይቀምሰው አልቀምስም ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ በአፉ አልዞረም። ግትርነቱን ታውቂያለሽ። ፊቱን ለማየት ካልፈለግሽ አትውረጂ... ግን ከክፍልሽ ደውዪለት። ሳይመሽ ደውዪ!