ሽማግሌ የላከው ሰው

ሰኞ

የከሰስኩት ሰውዬ “አላውቃትም” ብሏል። ጠበቃዬ ሰናይት ደውላ ነገረችኝ። ለዐቃቤ ሕግ በሰጠው ቃል ስሜን ሰምቶ፣ መልኬንም አይቶ አያውቅም።

በዚያ የአፈና ዘመን ተማሪ ሆኜ በፖለቲካ ታስሬ ሳለሁ መርማሪዬ ነበር። የደፈረኝም እሱ ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ እጄም አልተቆረጠም።

ሰናይት ምስክር አለሽ ወይ ትለኛለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ሊኖር? ሐሙስ እኔም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቃሌን እሰጣለሁ። ዛሬ ስፌት ሱቄ ውስጥ የዩኒፎርም እጅጌ ስገጥም ዋልኩ፣ አንዱን ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

ማክሰኞ

ሱቄን ዘግቼ ስመጣ ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆመዋል። ከፊት ኦቦ ቶላ ናቸው፤ ቡራዩ ውስጥ ጥል ባለበት ሁሉ የሚጠሩት። እርጥብ ሣር ይዘዋል። ሣር የያዘ ሽማግሌ መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ገብተውም እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም አሉ።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ባለቤቴን ታዬን ጠየቁት። እሱ ሳንጋባ ጀምሮ ሁሉን ያውቃል። ጉዳዩ የሷ ነው፣ እሷን ጠይቁ አላቸው። ይባረክ።

የላካቸው ያ ሰውዬ ነው፤ አሁን ሱሉልታ ይኖራል። በሥራ ላይ ሳለሁ አስቀይሜያታለሁ፣ በጥፊ መትቻታለሁ፣ ይቅር ብላ ክሱን ትተወው ብሎ ነው። የጥፊ ሽማግሌ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ አይመጣም።

“አባቴ፣ ይሄ ሰው የደፈረኝ ሰው ነው” አልኳቸው።

ኦቦ ቶላ “ያ ዋቅ” ብለው በቀስታ አምላካቸውን ጠሩ። ሳይቀመጡ ወጡ፣ ሣሩንም ይዘውት ሄዱ።

ረቡዕ

ለሰናይት ነገርኳት። “አላውቃትም ያለ ሰው ማንን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?” አለች። ለካ ሰውዬው ራሱን በራሱ አጋልጧል፤ ጥፋቱን ያላመነ ሽማግሌ አይልክም። እምቢ እንደማልል ቆጥሮ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይመስክር ትላለች። ለሷ ቀላል ነው። የዕርቅ ነገር ዐደባባይ ያወጣ ሽማግሌን ነገ ማን ያምነዋል?

ቢሆንም ኦቦ ቶላ ቤት ሄድኩ። በሽምግልና የሰማሁትን አውጥቼ አላውቅም አሉኝ። አልተጨቃጨቅሁም። ግን ተናደድኩባቸው፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ከታዬ ጋር ታክሲ ተራ ስንደርስ ኦቦ ቶላ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል።

“አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፣ እንደምን አደርሽ ልጄ ሲሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። “ለሽማግሌ የዋሸ፣ ሽማግሌ የለውም። እኔም እናገራለሁ።”

ጉልበታቸውን ስሜ ተሳፈርን።

ቃሌን ሰጠሁ። ሁለቴ ውኃ ጠየቅሁ፣ ግን ጨረስኩ። ከኔ ቀጥሎ እሳቸው ገቡ። ሰናይት ፍርዱ መቼ እንደሚሆን አላወቀችም፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል አለች።

ስንመለስ በጣም ርቦኝ ነበር። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ጣፈጠኝ።