የሽማግሌው የክርስትና ስም

ኅዳር 11፣ ንፋስ መውጫ

መጨረሻው ላይ ሰው የማይሞትበት ፊልም፣ ፊልም አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ከሰዓት ግን የምወደውን ፊልም ከፍቼ፣ በመጨረሻ የሚሞተው ሽማግሌ ገና ሳይሞት ዘጋሁት።

አምና አባዬ ከስማዳ ሊጠይቀኝ መጥቶ አብረን አይተነዋል። ሽማግሌው ሲሞት አባዬ ብድግ አለና ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎ፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነው? ለነፍስ አባቴ እነግርለታለሁ» አለኝ።

«አባዬ፣ ተዋናይ እኮ ነው!» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። «ቢሆንስ፣ ስም ያጣል?» አለ።

ዛሬ አባዬ ካረፈ አርባ ቀኑ ነው። ስማዳ መሄድ ስላልቻልሁ፣ ጠዋት እዚህ ደብር ሄጄ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ቄሱን ለመንኋቸው።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።