ከአንድ ሥር የበቀለ

ዓደን ለሚገኘው ወንድሜ ለአብዱልመጂድ ይድረስ። አሰላሙ አለይኩም። ባሕር የማያግደው የእህትህ የከዲጃ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዘንድሮ ሸዋ ሮቢት ማሽላው አምሯል። ልጄን አብዱልወሃብን ጣልያኖች ለመንገድ ሥራ ጣርማ በር ስለወሰዱት፣ ማማው ላይ ወጥቼ ወፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። እዚያው ሆኜ የላክህልኝን የእንግሊዝኛ ወረቀት አጠናለሁ። እንዳልከው የላቲኑን ሥር ከያዙ ቅርንጫፉ አያስቸግርም። «ፖርት» መሸከም ነው፤ «ፖርተር» ተሸካሚ። «ሞርት» መሞት ነው፤ «ሞርታል» ሟች።

ባለፈው ቅዳሜ ከአብዱልወሃብ ሚስት ከፋዲላ ጋር ስንቅ ይዘንለት ጣርማ በር ወጣን። ስሙን ስንጠራ ጣልያኑ አለቃ «ሞርቶ» አለና ፊቱን አዞረ። አስተርጓሚው ግን «እትዬ፣ ወደ ሩቅ ሥራ ተዛውሯል» አለኝ።

«እሰይ! ከዚህ ብርድ ወጣልኝ!» አለች ፋዲላ። «በል ወንድሜ፣ ስንቁን አድርስልኝ። መንገድ ላይ እንዳትጨርሰው ታዲያ!»

አልሳቀም። በሁለት እጁ ተቀበላት። ፋዲላ ከነእርግዝናዋ ቁልቁለቱን እያንጎራጎረች ወረደች፤ እኔም የጣልያኑን ቃል በሆዴ ይዤ ተከተልኳት።

አሁን ማማው ላይ ስቀመጥ የአብዱልወሃብ ወንጭፍ ከኋላዬ ሲጮህ እሰማለሁ። ዘወር ስል ማሽላው ብቻ ነው።

አንድ ነገር አጣራልኝ። ጣልያንኛም ከዚያው ከላቲን ሥር የበቀለ ነው ብለኸኝ ነበር። የተማረም ይሳሳታል። ተሳስቼ ነው ብለህ ብትጽፍልኝ አልቀየምህም።

ፋዲላ ሰላም ብላሃለች። አላህ ሁላችንንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ ከዲጃ