እሑድ የመሰለኝ ቅዳሜ

ውድ ጆስሊን፣

እናትሽ ደውላ «ልጄን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ አስረሃት ዋልክ አሉ! አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምታድገው?» እያለች በሳቅ ልትሞት ደረሰች። ሱቅ ስገባም ባለሱቁ ክላይድ ገና ከበሩ «የባሕሩ ዘበኛ መጣ!» ብሎ ይቀበለኛል። በዕድሜዬ ከሠራሁት ተንኮል ሁሉ የዚህን ያህል የተወደደልኝ የለም። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። በስልክ ብነግርሽ መሀል ላይ አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ አመልጣለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን መሸሻ የለም።

ዓርብ ማታ ስትደርሺ «ባሕር ናፍቆኝ ነው» አልሽኝ። እናትሽ ግሌንዳ እንደላከችሽ ግን አውቄያለሁ። ወንድሟ የበረዶውን ወራት ብቻውን መክረም ይችል እንደሆነ አይተሽ እንድትነግሪያት ነው የላከችሽ። ማቀዝቀዣውን ከፍተሽ ወተቱን ስታሸቺ አይቼሻለሁ። እኔም ታሸቺዋለሽ ብዬ በዚያው ቀን አዲስ ገዝቼ አስቀምጬልሽ ነበር።

በማግስቱ ቁርሳችንን ሳንጨርስ ሰዓትሽን አየሽ።

«አጎቴ፣ እስከ ገደሉ አፍንጫ ደርሰን እንመለስ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ጋ ምሳ አለኝ።»

«የባሕር ዳር ጉዞ ከቁርስና ከምሳ መሀል? ለምን ባሕሩን በጆንያ አላስርልሽም፣ አውሮፕላን ላይ ሆነሽ ታይዋለሽ!»

«ቀልድህን ተውና ጫማህን አድርግ። ቆይ፣ ይሄ ክራባት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከቆንጆ ሴት ጋር ልወጣ አይደል?»

ሳቅሽ። ክራባቱን ልብ በይልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የዚህ ሰፈር ሰው ባሕሩ ሞልቶ ወደ ዳር የሚመጣበትን ሰዓት በወረቀት አይፈልግም፤ ከትናንት ተነስቶ ይቆጥራል። ውኃው በየቀኑ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ይዘገያል፤ የትናንቱን ያወቀ የዛሬውን ያውቃል። አባቴ እንዲህ አስተማረኝ፤ አንቺንም ትንሽ ልጅ ሳለሽ አስተምሬሻለሁ። ስለዚህ አልጠየቅሽኝም። ይህን ባሕር ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ወደ ባሕሩ የወጣውን የገደሉን አፍንጫ ዞረን ቀይዋ አሸዋ ላይ ደረስን። ፎቶ አነሳሽ፣ ጠጠር ለቀምሽ፣ ከኪሴ የሚበላ የደረቀ የባሕር ቅጠል ሰጥቼሽ «ጨው የበላ ጫማ ይመስላል» እያልሽ ጨረስሽው። ከዚያ «አሁን እንመለስ?» አልሽ።

«ምን ያስቸኩልሻል? ውኃው ገና እየሸሸ ነው» አልኩሽ።

ስንመለስ የገደሉን አፍንጫ ውኃ ውጦት አገኘነው። በቁመትሽ ልክ ነበር። ከኋላችንም ቀጥ ያለ ገደል ነው። እጅሽን ይዤ ገደሉ ላይ እንደ መደርደሪያ ወደ ወጣችው ድንጋይ ወጣን። ውኃው እሷ ላይ እንደማይደርስ አውቅ ነበር፤ እሱን ስንኳ አልረሳሁትም። ስልክሽ አልሠራ አለ። ደጋግመሽ ሞከርሽው። ከዚያ ድንገት ዞረሽ አፈጠጥሽብኝ።

«አንተ! አውቀህ ነው! ምሳዬን ልታስቀርብኝ ነው አይደል?»

ጠቀስኩሽ። ያቺ ጥቅሻ ውሸት ነበረች፣ ጆስሊን።

አሁን ወደ ክራባቱ። ጠዋት ስነሳ ለእኔ ቀኑ እሑድ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ለበስኩ፤ አንቺ ባሕር ስትዪኝ ደግሞ «ለእህቴ ልጅ ስል ዛሬ ልቅር» ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። አሸዋው ላይ ሳለን ጆሮዬ ከገደሉ በላይ ደወል ይጠብቅ ነበር። ደወሉ ቀረ። መደርደሪያዋ ላይ ስንወጣ ግን የሣር ማጨጃ ሞተር ሰማሁ። ፓስተራችን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እያጨዱ ነበር። እሑድ ቀን እሳቸው ሣር ሲያጭዱ ያየ ሰው የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ገና ላልመጣ እሑድ የአንድ ቀን መዘግየት ደምሬ ነበር፤ ስለዚህ ውኃው ከቆጠርኩት አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ደረሰብን። ባሕሩ ግን እሑድ አልመሰለውም።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ነው «አውቀህ ነው!» ያልሽኝና በጥቅሻዬ የሳቅሽው።

ከዚያ በኋላ ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ የሆድሽን ነገርሽኝ። «እማዬ ናት የላከችኝ። ተጨንቃ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ተንኮል የሚያስብ ሰው ብቻውን መኖር እንዴት ያቅተዋል? ይህንኑ እነግራታለሁ።» ስፈልገው የከረምኩት ቃል ይህ ነበር። ቤቴ ቀረልኝ፣ ወንበሬ ቀረልኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እውነቱን አልነገርኩሽም። ባሕሩ ከእግራችን በታች ያገሳል፤ እኔ ክራባቴን አላላዋለሁ።

የመጀመሪያዬም አይደለም። ክላይድ ጋ ምስማር ገዝቼ፣ ከምሳ በኋላ ያንኑ ምስማር ልገዛ ተመለስኩ። «ዛሬ ደግሞ በእኔ ጀመርክ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስረሳ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ዴልበርት ነዋ! የቀልደኛ ስም ከዚያች መደርደሪያ የባሰ ወጥመድ ነው። ከእሷስ ውኃው ሲሸሽ ይወረዳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስንወርድ ክርኔን ያዝሽው። የደገፍኩሽ መስሎሽ ነበር፤ መንገዱን የማገኘው ግን በአንቺ እጅ ነበር።

ስለዚህ ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት። እኔ ብነግራት ትስቅብኛለች። የበረዶውን ወራት እዚህ ብቻዬን አልከርምም። እናንተ ጋ ያለችው ትንሿ ክፍል መስኮት ካላት እመጣለሁ፤ ወተቱንም ጠዋት ጠዋት እኔ እያሸተትኩ አስረክባችኋለሁ። ቤቱን ግን አትሽጡብኝ። በረዶው ሲቀልጥ አብረን እንመጣለን። በዚያን ጊዜ ለምሳ ማንንም እንዳትቀጥሪ፤ የባሕሩንም ሰዓት አንቺ ትቆጥሪያለሽ።

ከቤት ከመውጣታችን በፊት ግን ቀኑ ምን እንደሆነ ጠይቂኝ። ቀልድ ከመለስኩልሽ፣ ደግመሽ ጠይቂኝ።

አጎትሽ ዴልበርት

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ክላይድን ጠይቄ ነው የጻፍኩት፤ እሱም ሳቀ።